ብየዳው ካለቀ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት

ነሐሴ ላይ በጃጁራ ትምህርት ቤቶች ግቢ ተማሪ ባይኖርም ሥራ አይጠፋም። ዓመቱን ሙሉ እግሩ ሲነቀል፣ መደገፊያው ሲገነጠል የከረመው ኮምባይንድ ዴስክ መስከረም ሳይጠባ መጠገን አለበት። የላሜራው በር ማጠፊያ ይበየዳል፤ የመስኮቱ ፍርግርግ ይቀየራል፤ ሮቶው የተቀመጠበት ማማ ይጠናከራል። በያጁ ማሽኑን በባጃጅ ጭኖ ይመጣና ገመዱን ይዘረጋል። የሶሮ አካባቢ ክረምት ግን ፋታ የሚሰጥ አይደለም። ዝናቡ ሲወርድ ሥራው ከሜዳው ወደ መማሪያ ክፍል ይገባል፤ ሲብስም የተሰበረው ዴስክ ወደተከመረበት ዕቃ ቤት ይዛወራል። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ደግሞ የቆየ የፈተና ወረቀት፣ የተቀዳደደ መጽሐፍ፣ ባዶ ማዳበሪያና የስፖርት ፍራሽ ተደራርቦ ይገኛል።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ ዕቃ ቤት ነው። በሆሳዕናው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም ይሁን በዱራሜ ካምፓሱ፣ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅም ይሁን በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት፣ ግቢ ውስጥ የሚካሄድ ብየዳና ቆረጣ የሚመራባቸው የእሳት ጥንቃቄ ደንቦች በመሠረቱ አንድ ናቸው። ደንቦቹ ብዙ አይደሉም፤ ለመያዝም አይከብዱም። ለምን እንደወጡ ያልገባው ሰው ግን ሥራ በበዛበት የመጀመሪያ ቀን ይተዋቸዋል። ስለዚህ ከምክንያቱ እንነሣ።

ሲበየድ የሚረጨው ፍንጣሪ የቀለጠ ብረት ጠብታ ነው። ብረት የሚቀልጠው 1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ሲሆን፣ ወረቀት፣ ጭድና ደረቅ እንጨት ለመያያዝ የዚያን ሲሶ ሙቀት እንኳ አይፈልጉም። ጠብታዋ አየር ላይ እያለች ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐደች ስለምትነድ፣ በመጠኗ ትንሽነት ከሚጠበቀው በላይ ሙቀቷን ይዛ ትቆያለች። መሬት ስትደርስም አታርፍም፤ ትነጥራለች፣ ትንከባለላለች፣ ስንጥቅ ካገኘች ሰተት ብላ ትገባለች። በጋዝ ሲቆረጥ ደግሞ ይብሳል፤ ምክንያቱም ቆረጣው ራሱ የኦክስጅኑ ግፊት የቀለጠውን ብረት ጠርጎ እየወረወረ የሚከናወን ነው። ግራይንደርም ከዚህ አያመልጥም። «ይሄ ብየዳ አይደለም፣ ትንሽ ልቁረጥበት ነው» ብሎ ማለፍ ልክ አይደለም።

ፍንጣሪዋ ወዲያው ነበልባል ካስነሣች መልካም ነው ማለት ይቻላል። በያጁ ባያየው ረዳቱ ያየዋል፤ በአንድ ባልዲ አሸዋ ይጠፋል። የሚያሠጋው ሳይነድ የሚጤሰው ነው። ጥጥ፣ የመጋዝ ብናኝ፣ ጭድ፣ የወረቀት ክምር የመሳሰሉት አየር በደንብ በማያገኙበት ቦታ ፍንጣሪ ሲገባባቸው ውስጥ ለውስጥ ይግማሉ እንጂ አይነዱም። ማታ አመድ ያለበሱት ፍም ጠዋት ሲገልጡት ቀይ ሆኖ እንደሚገኝ ማንም የቤት እመቤት ታውቃለች፤ ዕቃ ቤቱ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። በያጁ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ በሩ ይቆለፋል፤ እሳቱ ግን የሚነሣው ከሰዓታት በኋላ፣ ማንም በሌለበት ነው።

በዓለም ላይ የሚሠራባቸው መመሪያዎች በአብዛኛው የተጻፉት የጭቃ ቤት ታስቦ አይደለም። በሀዲያና በከምባታ ግን በባሕር ዛፍ ማገርና ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ የቆሙ ክፍሎች ገና ብዙ ናቸው። ጭቃው እሳትን ይከላከላል እንጂ አይነድም። ሆኖም ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በተለይ በበሩ መቃንና በመስኮቱ ጠርዝ በኩል ከእንጨቱ ይላቀቃል። በያጁ ማጠፊያና ፍርግርግ የሚበይደው ደግሞ እዚያው ጠርዝ ላይ ነው። ጣት የማያስገባ ስንጥቅ ፍንጣሪ ያስገባል፤ ከኋላው የሚጠብቃት ለዓመታት የደረቀ ማገርና ጭድ ነው። ላዩ ላይም ኮርኒሱ ማዳበሪያ ወይም አቡጀዲ ከሆነ፣ በግድግዳው ውስጥ የተነሣ እሳት ወደ ላይ ወጥቶ ክፍሉን በሙሉ የሚይዝበት መንገድ ተዘጋጅቶለታል። ስለዚህ በጭቃ ቤት በር ላይ ከመበየድ በፊት ስንጥቁን በእርጥብ ጭቃ መምረግ ያስፈልጋል፤ ጭቃው ግቢው ውስጥ አለ፣ የሚወስደውም ጥቂት ደቂቃ ነው። እንዲያውም በሩን ነቅሎ ውጭ መበየድ ከተቻለ ከሁሉ ይሻላል።

ሙቀትም ፍንጣሪ ሳይኖር በብረቱ ውስጥ ይጓዛል። ግድግዳውን ዘልቆ የገባ አንግል በዚህ በኩል ሲበየድ በወዲያኛው በኩል የተጠጋውን እንጨት ወይም መጋረጃ ሊያቀጣጥል ይችላል። ከሥራው በፊት የግድግዳውን ጀርባ፣ ከወለሉ በታች ያለውንና ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ማየት የደንቡ አንድ ክፍል የሆነው ለዚህ ነው።

ይህን ጉዳይ የትልልቅ ከተሞች ታሪክም ይመሰክራል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሚያዝያ 11 ቀን 1996 በጀርመን ዱሰልዶርፍ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከተርሚናሉ በላይ ባለው የመኪና መንገድ ላይ ሠራተኞች ይበይዱ ነበር። የቀለጠው ብረት በመንገዱ መገጣጠሚያ በኩል ወርዶ ከታች ኮርኒሱ ውስጥ የነበረውን የፕላስቲክ ፎም አያያዘው። 17 ሰዎች ሞቱ፤ የገደላቸውም በዋናነት ጭሱ ነው። በዚያው አቆጣጠር በኅዳር 2010 ደግሞ በቻይና ሻንጋይ እድሳት ላይ በነበረ ባለ 28 ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ፣ የብየዳ ፍንጣሪ የናይሎን መረብና ፎም አቀጣጥሎ 58 ሰዎች አለቁ፤ ሲበይዱ የነበሩት ሰዎች የሙያ ፈቃድ አልነበራቸውም። በሁለቱም ቦታ እሳት ማጥፊያ መኪና በብዛት ነበር። የእሳት አደጋ መኪና ከሌላ ከተማ በሚጠበቅበት ቦታ ግን መከላከል ከማጥፋት ይቀድማል ሲባል ሌላ አማራጭ ስለሌለ ነው።

በሰፊው የሚጠቀሰው የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ማኅበር መመሪያ፣ ከብየዳው ቦታ 35 ጫማ ወይም 11 ሜትር ያህል ዙሪያውን ከሚነድ ነገር ሁሉ እንዲጸዳ ያዝዛል። ይህን ልክ ወደ መማሪያ ክፍል ስናመጣው ትርጉሙ ይገባናል፤ አንድ መማሪያ ክፍል ከዳር እስከ ዳር ብዙ ጊዜ 11 ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ክፍል ውስጥ «ራቅ አድርጌ ነው የምበይደው» የሚባል ነገር የለም፤ ክፍሉ በሙሉ የፍንጣሪው ክልል ነው። ማማ ላይ ወጥቶ ሲበየድ ደግሞ ፍንጣሪው ከዚያም አልፎ ይሄዳል፤ ነፋስ ካለ የበለጠ።

ከዚህ የሚከተለው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው ሥራው ወደ ውጭ ሊወጣ ይችል እንደሆነ ነው። ዴስክ ይወጣል፤ በር ይነቀላል፤ ፍርግርግ ይፈታል። ዝናቡ ይከለክላል ከተባለ፣ ግቢው በአንድ ጥግ፣ ከክፍሎቹና ከማገዶው ክምር ራቅ ያለ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ አፈር ወይም ጠጠር የሆነ ጥላ ይሥራ። አራት ቱቦላሬና ጥቂት ቆርቆሮ የአንድ ክረምት ወጪ ነው፤ የሚያገለግለው ግን ለዓመታት ነው። በእኔ እምነት አንድ ትምህርት ቤት ለእሳት ጥንቃቄ ሊያወጣው ከሚችለው ገንዘብ ሁሉ ይህን ያህል የሚጠቅመው የለም። ሥራው የማይወጣ ሲሆን የሚነደው ነገር ይውጣ። እሱም የማይወጣ ከሆነ በላሜራ ወይም በቆርቆሮ ይሸፈን፤ የፕላስቲክ ሸራ ግን ራሱ ማገዶ ስለሆነ አይሆንም። ወለሉ ይጠረግ፣ እርጥብ አሸዋ ይነስነስበት። በኤሌክትሪክ በሚበየድበት ቦታ ግን ውኃ ማፍሰስ ሌላ ሞት ይጠራል። ሥራውን ማውጣት፣ የሚነደውን ማውጣት ወይም መሸፈን፣ ሦስቱም ካልተቻሉ እዚያ ቦታ ላይ አይበየድም።

ይህን ሁሉ የሚያጣራው የእሳት ሥራ ፈቃድ የሚባለው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ለአንድ ቦታና ለአንድ ቀን ሥራ ብቻ ያገለግላል። ቦታው፣ ሰዓቱ፣ የበያጁና የእሳት ጠባቂው ስም፣ የተነሣውና የተሸፈነው ነገር ይጻፍበታል፤ ርዕሰ መምህሩ ወይም የግቢው ኃላፊ ይፈርምበታል። ወረቀቱ ቢሮ ተቀምጦ የሚፈረም ከሆነ ግን ዋጋ የለውም። ጥቅሙ ፈራሚውን ከወንበሩ አስነሥቶ ዕቃ ቤቱ ድረስ መውሰዱ ነው። እዚያ ሲደርስ «ወንድሜ፣ ይሄን ማዳበሪያ ሳናወጣ እንዳትጀምር» ይላል፤ ያቺ አንዲት ቃል የወረቀቱ ፍሬ ናት።

አሁን ወደ ጠባቂው እንምጣ፤ ከደንቦቹ ሁሉ አብዝቶ የሚጣሰው ይህ ነው። በያጁ ጥቁሩን መስታወት ፊቱ ላይ ሲያወርድ ከሚበይዳት ነጥብ በስተቀር ምንም አያይም፤ ከኋላው ቢነድ የሚያውቀው ሲሞቀው ነው። ረዳቱ ብረት ይይዛል፣ ኤሌክትሮድ ያቀብላል። የበሩ ጥበቃ ሠራተኛ በር ላይ ነው። ስለዚህ ሌላ ሥራ የማይሰጠው፣ እሳት ከማየት በስተቀር ምንም የማይሠራ አንድ ሰው ይመደባል። አጠገቡ የአሸዋ ባልዲና የዱቄት እሳት ማጥፊያ ይኖራል፤ ማጥፊያውን መክፈት አስቀድሞ ይለማመዳል። የሚደውልበትንም ቁጥር ይይዛል፤ 939 የአዲስ አበባ ነው፣ ለጃጁራ የራሷ ቁጥር ከሥራው በፊት ተጠይቆ ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። ግድግዳ ላይ ሲበየድ በወዲያኛው በኩል ሁለተኛ ሰው ይቆማል።

የዚህ ሰው ዋና ሥራ የሚጀምረው ማሽኑ ሲጠፋ ነው። የጠቀስነው መመሪያ ቀድሞ ከሥራው በኋላ ግማሽ ሰዓት እንዲጠበቅ ያዝዝ ነበር፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 በወጣው እትም ግን ወደ አንድ ሰዓት አሳደገው። የተዳፈነው እሳት ከግማሽ ሰዓት በኋላም እንደሚነሣ ስለታየ ነው። በዚያች ሰዓት ጠባቂው ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። የእጁን ጀርባ ግድግዳው ላይ እያሳረፈ ሙቀት ይፈልጋል፤ ጥጋጥጉን ያሸታል፤ ክምሩን ይገላልጣል፤ ኮርኒሱን ያያል። ዕቃ ቤትና የጭቃ ክፍል ከሆነ፣ የሌሊት ጥበቃው ተረኛ ሲገባ ቦታው ተነግሮት ደጋግሞ እንዲያየው አደርግ ነበር።

ስለ ጋዙ ጥቂት ልበል። የኦክስጅን ሲሊንደር ቅባትና ዘይት አይነካውም፤ ግፊት ያለው ኦክስጅን ከቅባት ጋር ሲገናኝ ያለ ክብሪት ይያያዛል። ኦክስጅኑና አሲትሊኑ በማከማቻ ቦታ 6 ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ ሁለቱም ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ በሰንሰለት ይታሰራሉ። አሲትሊን ከካርባይድ በሚመረትበት ቦታ ደግሞ ካርባይዱ ከዝናብ በተጠበቀ፣ በተከደነ ዕቃ ይቀመጣል። ካርባይድ ያለበት እሳት ላይ ውኃ መድፋት ጋዝ መጨመር ነው፤ የሚያጠፋው ደረቅ አሸዋ ነው። የተረፈው ነጭ አተላ ገና ጋዝ ስለሚያወጣ ወደ መጸዳጃ ቤት ጉድጓድ አይደፋም፤ አሲትሊን ከአየር ውስጥ ከመቶ 2.5 እጅ ሲሆን እንኳ ለመፈንዳት ይበቃዋል። ናፍጣ ወይም ቤንዚን የነበረበት በርሜል ባዶ ቢመስልም ሙሉ ከሆነው ይልቅ ያሠጋል፤ የቀረው ትነት ነው የሚፈነዳው። እሱን ለመበየድ ማጽዳቱን የሚያውቅ ባለሙያ ከሌለ መተው ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሥራ ቦታውን ከአደጋ እንዲጠብቅ፣ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና ሠራተኛውን እንዲያስተምር፣ በአንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው በተሰጠው መሣሪያ እንዲጠቀምና ያየውን ጉድለት እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ሕጉ አለ። የጎደለው ሒሳቡ ነው። በያጁ የሚከፈለው በዴስክ ቁጥር ነው፤ ማሽኑን ካጠፋ በኋላ ያለችው ሰዓት የማንም ገንዘብ አይደለችም። አንድ ወጣት በማኅበር ተደራጅቶ ጨረታ ሲያሸንፍ ያሸነፈው በዝቅተኛ ዋጋ ነው፤ የጠባቂ አበል ቢጨምርበት ይሸነፍ ነበር። ይህን ሸክም በእሱ ላይ መጣል ትክክል አይመስለኝም። የግቢው የግዥ ክፍል የዋጋ ማቅረቢያውን ሲያወጣ ከኤሌክትሮዱና ከቀለሙ ቀጥሎ አንድ መስመር ይጨምር፤ በእያንዳንዱ የሥራ ቀን ለአንድ እሳት ጠባቂ፣ ከብየዳው ማብቂያ በኋላ ያለችውን አንድ ሰዓት ጨምሮ፣ የሚከፈል። መስመሩ ለሁሉም ተወዳዳሪ እኩል ስለሚጻፍ ማንንም አይጎዳም። ክፍያውም የሚለቀቀው የጠባቂው ፊርማና የወጣበት ሰዓት ፈቃዱ ላይ ሲገኝ ይሁን።