ካርቡራተሩ ይታጠብ ወይስ ይቀየር?

ሁርሶ ላይ የውሃ ፓምፕ አልነሳ ሲል ባለቤቱ ገመዱን ስቦ ስቦ ክንዱ ሲዝል ፍርዱን ይሰጣል፦ «ካርቡራተሩ ሞቷል፣ አዲስ ይገዛ!» ከዚያ ድሬዳዋ ተሳፍሮ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል። ካርቡራተር ግን ብዙ ጊዜ አይሞትም፤ ይደፈናል። የተደፈነው ይታጠባል፣ የተበላው ይቀየራል።

ጣና ላይ ጀልባ የሚገፋው ባለካርቡራተር ሞተርና ሽንኩርት የሚያጠጣው ፓምፕ ቤንዚን የሚመጥኑበት ዘዴ ተመሳሳይ ነው። ቤንዚኑ ወደ ታችኛዋ ጽዋ ይወርዳል፤ ጽዋዋ ስትሞላ ተንሳፋፊው ተነስቶ በመርፌዋ መግቢያውን ይዘጋል። ከጽዋዋ ደግሞ በጂግለሮቹ ቀዳዳ እየተለካ ከአየር ጋር ይቀላቀላል። የሚኒሞው ጂግለር ቀዳዳ በአብዛኛው ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ፓምፑ ከነቤንዚኑ ለወራት ጥግ ሲቀመጥ፣ በሁርሶ ሙቀት ቤንዚኑ ተኖ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይተዋል። ይህችን ቀዳዳ ለመድፈን ያ በቂ ነው።

መፍቻ ከማንሳትዎ በፊት ካንዴላውን አውጥተው ይዩ፣ ቤንዚን መውረዱንም ያረጋግጡ። በካርቡራተር የተሳበበ ስንት ጥፋት የካንዴላ ሆኖ ተገኝቷል! ሞተሩ ቾክ ሲዘጋ ብቻ የሚሠራ ከሆነ በአብዛኛው ጂግለር ተደፍኗል ማለት ነው። ቤንዚን የሚያፈስ ከሆነ መርፌዋ ላይ ቆሻሻ አለ፣ ወይም ተንሳፋፊው ተበስቷል። ተንሳፋፊውን ጆሮዎ አጠገብ ይነቅንቁት፤ ውስጡ ፈሳሽ ከተንቦጫረቀ የሚቀየረው እሱ ብቻ ነው።

አጠባው ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ሜዳ ላይ ይሁን። እያንዳንዱን ደረጃ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። በብዙዎቹ ፓምፖች ላይ ጽዋዋ በ10 ቁጥር ቁልፍ ትፈታለች። ዋናው ጂግለር ከናስ የተሠራ ስለሆነ ካቻቢቴው ስንጥቁን ሞልቶ ካልገባ አናቱ ይበላል። ቀዳዳውን በመርፌ ወይም በብረት ሽቦ በፍጹም አይውጉት፤ ትንሽ ከሰፋ ልኩ ጠፋ። ከኤሌክትሪክ ገመድ የተመዘዘች አንዲት የመዳብ ክር ትበቃለች። ካርቡራተር ማጽጃ ከነፉበት በኋላ ቀዳዳውን ወደ ብርሃን ይዘው ይዩት፤ ጥርት ብሎ ክብ ካልታየ አልጸዳም። ላስቲኮቹን ቲነር ውስጥ አይንከሩ፣ ያብጣሉ።

አሁን ወደ መበላቱ እንምጣ። የጋዙን ቢራቢሮ የያዘውን ዘንግ በሁለት ጣት ይዘው ይነቅንቁት። በግልጽ ከተንገዋለለ በዚያ በኩል አየር ይሰርቃል፤ ሞተሩ ከታጠበም በኋላ ከፍ ዝቅ ማለቱን አይተውም። ውሃ የገባበት ቤንዚን አሉሚኒየሙን ነጭ ዱቄት አልብሶ ከቦረቦረውም እንዲሁ። እነዚህን በማጠብ የሚያድን የለም፤ ይግዙ። በተለይ ርካሽ ፓምፕ ላይ ያለቀ ካርቡራተር እየደጋገሙ መፍታት ጊዜ መግደል ነው።

ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱና የቧንቧውን ስፋት፣ የቀዳዳዎቹን ርቀት፣ ጂግለሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያመሳክሩ። ከ2,300 ሜትር በላይ ላለችው አዲስ አበባ ስስ አየር ጂግለሩ ያነሰ ሞተር፣ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለው የድሬዳዋ አካባቢ ቤንዚን ያጥረውና ከመጠን በላይ ሊግል ይችላል። ጓርኒሲዮኑንም አብረው ይግዙ። የመስኖው ወቅት ሲያልቅ የነዳጁን ቧንቧ ዘግተው ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ያሠሩት፤ ከዚያ በጽዋዋ ሥር ያለውን ቡሎን ፈትተው የቀረውን ያፍስሱ።