ከብዙ ዓመት ትዳር በኋላ የተነገረ ምስጢር



ለዛሬው ትምህርታችን መነሻ የሆነችን አንዲት እናት ናት። ፈቃዷን ጠይቄ፣ ማንነቷ እንዳይታወቅም አንዳንድ ነገር ለውጬ ነው የምጽፈው።

ከሲቀላ ገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን እንደያዘች ወደ ክፍሌ ገባችና «ሲስተር፣ ክንዴ ላይ ያለውን አውጪልኝ» አለችኝ። ካርዷን ሳየው በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው የአምስት ዓመት መከላከያ ነው፤ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ደም አስቸግሯት፣ ራሷን አሟት እንደሆነ ጠየቅኋት። «ምንም አላደረገኝም» አለች። ልጅ ፈልጋ እንደሆነም ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «ከእንግዲህ ምን ይሠራልኛል?» ብላ አለቀሰች።

ባለቤቷ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ትዳር በኋላ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ልቡ የሚያዘነብለው ወደ ወንድ እንደሆነ ነግሯት ነበር። እርሷ ግን ለእናቷም ሆነ ለንስሐ አባቷ አልተናገረችም። እኔም ነርሲንግ ትምህርት ቤት ሳለሁ ስለዚህ ጉዳይ የተማርኩት አልነበረምና የምለው ጠፋኝ። በመጨረሻ «ከማን ጋር ነው?» አልኳት። ፊቷ ጠቆረ። ስሕተቱ የእኔ ነበር። እኔን ሊያሳስበኝ የሚገባው የሌላ ሰው ስም ሳይሆን ከፊቴ የተቀመጠችው ሴት ጤናና ደኅንነት ነበር። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም ሌሎቻችሁ እንዲህ ያለ ነገር በቤታችሁ ወይም በዘመዳችሁ ቤት ቢያጋጥም ከእኔ የተሻለ እንድትቀበሉት ብዬ ነው።

ነገሩ ምንድን ነው?

የፍቅር ስሜታቸው ወደ ተቃራኒ ጾታ ሳይሆን ወደ ራሳቸው ጾታ የሆነ ወንዶችና ሴቶች አሉ። ብዙዎቹ ይህን የሚያውቁት በጉርምስና ዕድሜያቸው ነው። ሌሎች ግን ለራሳቸው እንኳ ሳያምኑ ያገባሉ፣ ይወልዳሉ፣ ልጅ ይድራሉ። አርባና ሃምሳ ዓመት ከሞላቸው በኋላ ለራሳቸው፣ አንዳንዴም ለትዳር ጓደኛቸው እውነቱን ይናገራሉ።

የዓለም የጤና ድርጅት ይህን ስሜት ከበሽታዎች ዝርዝር ያወጣው እ.ኤ.አ. ግንቦት 17 ቀን 1990 ነው። የዓለም የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መግለጫ፣ ስሜቱን በሕክምና መለወጥ እንደሚቻል የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ እንደሌለና ሙከራው ራሱ ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል አስታውቋል። ያቺ እናት «ከወሊድ በኋላ ሰውነቴ ስለተበላሸ ይሆን?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። አይደለም። የሚስት መልክም፣ የወጥ ሙያም፣ የመኝታ ቤት ጠባይም አያመጣውም፤ አያስቀረውምም። ምስጢሩን የተናገረችው ሚስት ስትሆንም ለባልየው መልሱ ይኸው ነው።

ለምን ይዘገያል?

አንደኛው ምክንያት ፍርሃት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም ግብረ ሥጋን በእሥራት ይቀጣል። በ2001 ዓ.ም. የልዩ ልዩ ሃይማኖቶች መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ሕገ መንግሥቱም እንዲከለክለው ጠይቀዋል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ባለሥልጣናት ይህ ይፈጸምባቸዋል በሚሏቸው ሆቴሎችና መዝናኛዎች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመራቸውን አስታውቀዋል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ውስጥ የሚኖር ሰው ሆዱን ቆልፎ ቢኖር አያስደንቅም።

ሁለተኛው ምክንያት ትዳር ራሱ ነው። በእኛ ዘንድ ሠርግ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሁለት ወገን ጉዳይ ነው። ወላጅ ይጠይቃል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ «መቼ ነው የምንበላው?» ይባላል። «ካገባሁ ይተወኛል» ብሎ ከልቡ አምኖ የሚያገባም አለ። እንዲህ ያለውን ሰው ገና ከጅምሩ ሚስቱን ሊያታልል የተነሣ አድርጎ መቁጠር ትክክል አይደለም። ሆኖም ሳታውቅ የገባችበት የእርሷ ሕይወት ነውና የደረሰባት ጉዳት እውነተኛ ነው። ሁለቱንም መያዝ ይገባል።

በሌላ አገር የታየ

አሚቲ ባክስተን የተባሉ አሜሪካዊት መምህርት ባለቤታቸው ምስጢሩን የገለጡላቸው ከ25 ዓመት ትዳር በኋላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዲህ ያለ ዜና የሰሙ ባሎችና ሚስቶችን ችግር ጽፈዋል፤ የሚረዳዱበትንም ማኅበር አቋቁመዋል። እንደ እርሳቸው ግምት ከሦስት ባለትዳሮች አንዱ ያህል ወዲያው ይለያያሉ፤ አንዱ ያህል ጥቂት ቆይተው ይለያያሉ፤ የቀሩት ትዳሩን ለማቆየት ይሞክራሉ፤ ከእነዚህም ገሚሱ ይዘልቃሉ። ስለዚህ ለሁሉም ቤት የሚሆን አንድ መልስ የለም። በተለይ የሚያነሡት ነገር ተናጋሪው ሸክሙን አውርዶ ሲተነፍስ፣ ሰሚዋ ያንኑ ሸክም ተቀብላ ብቻዋን ወደ ጨለማው መግባቷን ነው።

በጎረቤታችን በኬንያ ደግሞ ታዋቂው ደራሲ ቢንያቫንጋ ዋይናይና ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆኑን በይፋ የጻፈው እ.ኤ.አ. በጥር 2014፣ 43 ዓመት ሲሞላው ነው። ጽሑፉ ለእናቱ የተጻፈ ነበር። እናቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2000 አርፈዋል። በ2018 ከጓደኛው ጋር ሊጋባ ማሰቡን አስታወቀ፤ በግንቦት 2019 በ48 ዓመቱ ሞተ። ምስጢሩን ያወጣው ዘግይቶ ነበርና ከዚያ ወዲያ በግልጽ የኖረው አምስት ዓመት ብቻ ነው።

ስለ ሌላኛው ሰው

ስለዚህ ነገር ሲወራ የሚረሳ ሰው አለ። እርሱም ምስጢረኛው ይወደው የነበረው ሰው ነው።

የዚያች እናት ባለቤት ቆይቶ ለብቻው መጥቶ አነጋግሮኛል፤ እርሱም እንድጽፈው ፈቅዷል። ከማግባቱ በፊት የሚወደው አንድ ጓደኛ ነበረው። የሠርጉ ቀን ሲቆረጥ ተለያዩ። ጓደኛው አላገባም። በየዓመቱ ለመስቀል አንድ ጊዜ ስልክ ይደዋወሉ ነበር፤ «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ»፤ ከዚያ ያለፈ የለም። አንድ ቀን መሞቱን ከሌላ ሰው ሰማ። ለቅሶ ሄደና ድንኳኑ ውስጥ ከሩቅ ወዳጆች ጋር ተቀመጠ። ንፍሮ ቀመሰ፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ወጣ። ለእርሱ «ያጽናህ» ያለው አልነበረም። ለሚስቱ የነገራት በዚያው ሌሊት ነው። «ለምን እንደማለቅስ ስትጠይቀኝ ሌላ ውሸት መፍጠር ደከመኝ» አለኝ።

ዘግይቶ መናገር በእንዲህ ያሉ ሰዎች ፍቅር ላይ የሚያደርሰው ይህንኑ ነው። አንደኛው ራሱን ካወቀ ቆይቷል፤ ሌላው ገና ትናንት ነው ለራሱ የተናገረው። አንደኛው ጎጆ ይፈልጋል፤ ሌላው ሚስትና ልጆች አሉት፤ መተውም አይገባውም። ሲታመሙ «ምኑ ነህ?» ቢባሉ መልስ የላቸውም። አንዱ ሲሞት የሌላው ኀዘን ስም የለውም። የምጽፈው ማንንም ለማበረታታት ወይም ለመውቀስ አይደለም። የዚህ ሁሉ ዝምታ ዕዳ በአንድ ሰው ላይ ብቻ እንደማያርፍ ለማሳየት ነው፤ ሚስትም፣ ባልም፣ ያ ሦስተኛው ሰውም ይከፍሉታል።

ባልና ሚስት ምን ያድርጉ?

1. ቁጣን ማብረድ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በተፈጸመው ግድያ የተቆጡ ወጣቶች አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል ሲወጡ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው እንደመለሷቸው ሁላችንም እናውቃለን። ለቤት ቁጣም ይኸው ሣር ያስፈልገዋል። በመጀመሪያው ሳምንት አትወስኑ። ዱላ የተነሣ ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ የመጣ እንደሆነ ግን አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ደኅና ቦታና ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

2. ምስጢሩን ለማን እንደምትነግሩ ማሰብ። በእኛ ባህል ቤት ሲታመም ነገሩ በዱቡሻ ወጥቶ በሽማግሌ ፊት ይጠራል፤ መልካም ልማድ ነው። ይህ ግን ለአደባባይ የሚሆን አይደለም። ከአፍ ከወጣ በኋላ የሚመለስበት መንገድ የለም፤ እሥራትና ድብደባ ሊያስከትል ይችላል፤ ልጆችንም ያሸማቅቃል። ሽማግሌ ካስፈለገ የንብረቱንና የልጆቹን ጉዳይ ይያዝ፤ የመኝታ ቤቱን ገመና ማወቅ የለበትም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በስምምነት የሚፋቱ ባልና ሚስት ምክንያቱን እንዲናገሩ አያስገድድም። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ከመወሰናችሁ በፊት የሕግ ባለሙያ ጠይቁ።

3. ሁለታችሁም መመርመር። ኤችአይቪ የሚተላለፈው ጥንቃቄ በጎደለው ግንኙነት ነው እንጂ በስሜት አይደለም። ቢሆንም ከጋብቻ ውጭ ግንኙነት የነበረ እንደሆነ ወይም ጥርጣሬ ካለ ባልና ሚስት የኤችአይቪ፣ የቂጥኝና የጉበት ቫይረስ ምርመራ ያድርጉ፤ የኤችአይቪውን ከሦስት ወር በኋላ ይድገሙት። እስከዚያ ኮንዶም ተጠቀሙ። ለምን መመርመር እንደፈለጋችሁ የመናገር ግዴታ የለባችሁም። አስጊ ግንኙነት የተፈጸመው በቅርቡ ከሆነ መከላከያ መድኃኒት አለና 72 ሰዓት ሳያልፍ ድረሱ።

4. የወሊድ መከላከያን በንዴት አለማቋረጥ። ጋብቻው ይቀጥል አይቀጥል ገና ሳይታወቅ ያልታሰበ እርግዝና ቢመጣ ችግሩ ይደራረባል።

5. ልጆችን መጠበቅ። ለልጆች ሊነገራቸው የሚገባው «አባታችሁና እናታችሁ ይወዱአችኋል፤ በእናንተ ጥፋት የመጣ ነገር የለም» የሚለው ነው። ሌላው ዕድሜያቸው ሲደርስ፣ ሁለታችሁም ተስማምታችሁ የምትወስኑት ነው።

6. የሚያዳምጥ ባለሙያ መፈለግ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ይህ በሽታ ባይሆንም መደበቁ ግን ያሳምማል፤ እንቅልፍ ይነሣል፣ ምግብ ያስጠላል። የነርሷ፣ የአዋላጇና የሐኪሙ አፍ በሙያ መሐላ የታሰረ ነው፤ ያው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር የሚያወጣን ይቀጣል። ባለሙያዋ እንደ እኔ የማይገባ ጥያቄ ብትጠይቃችሁ «ይህን መመለስ አልፈልግም» በሏት።

ለማጠቃለል

ያቺ እናት በሦስተኛው ወር ለሁለተኛው ምርመራ ተመልሳ መጣች። ከቫይረሱ ነፃ ናት። «ክንድሽ ላይ ያለውስ?» አልኳት። «ይቆይ፤ ገና አልወሰንኩም» አለች። አሁን በአንድ ቤት፣ በሁለት ክፍል ይኖራሉ። አንዳንድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቡና አፍልታ ይነጋገራሉ። በመጀመሪያው ወር አንዲት ቃል አይለዋወጡም ነበር። ይለያዩ ይሆናል፤ አይለያዩም ይሆናል። ውሳኔው የእነርሱ ነው።

ባለቤቷ ሊመረመር የመጣ ቀን በሩ ላይ ሲያየኝ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። በዚህ ጊዜ ምንም አልጠየቅሁትም። ወንበር አቀረብኩለትና «ግባ፣ ተቀመጥ» አልኩት።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. የትዳር ጓደኛዬ ለብዙ ዓመት የያዘውን ነገር ሊነግረኝ ቢፈልግ በቤታችን የሚነግረኝ ሰዓትና ቦታ አለ?

ለ. የጎረቤት ገመና በጆሯችን ቢደርስ ወሬውን ከእኛ አሳልፈን እንሰጣለን ወይስ እኛ ጋ ይቆማል?

ሐ. ልጃችን ገና ያልፈለገውን ትዳር እንዲገባ ስንገፋው የሚጎዳው እርሱ ብቻ ነው ወይስ የሚያገባትም ጭምር?