ፀሐይ የበላው የመስኮት ጎሚኒ

ጥያቄ፦ አንድ የአሶሳ አንባቢ አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ አላቸው። በመስኮቶቹ ዙሪያ ያለው ጥቁር ክፈፍ ነጥቷል፤ ጎሚኒውም መሰንጠቅ ጀምሯል። ወደ ጉባ፣ ወደ ህዳሴ ግድብ ሲመላለሱ አቧራው ያስቸግራቸዋል። መቀባት ይበቃል ወይስ ይቀየር?

መልስ፦ ጎሚኒውን በጣት መጫን ይቀድማል። ተጭኖ ከተመለሰ ገና ያገለግላል። ከደረቀና ከተፈረፈረ ግን የትኛውም ቀለም አያድነውም፤ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ገበያ አዲስ ማፈላለግ ነው።

ጥፋቱ የፀሐይ ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር ላስቲክንና ፕላስቲክን ከላይ ይሰባብራል፤ ሙቀት ደግሞ የሚያለሰልሳቸውን ዘይት ያወጣል። ጉባ ከአሶሳ እጅግ ዝቅ ያለ ቆላ ስለሆነ ሙቀቱ ይብሳል፤ ግድቡ ሲሞላ የውሃው ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር ነው።

የነጣው የክፈፉ ጠንካራ ፕላስቲክ ግን ይድናል። በሳሙና ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በስሱ ይታሻል፤ በአልኮልም ይጠረጋል። መስታወቱና የመኪናው ቀለም በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናሉ። ቀጥሎ የፕላስቲክ ፕራይመር፣ በላዩ ደብዛዛ ጥቁር ስፕሬይ ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ ይረጫል። ሥራው ጥላ ይፈልጋል፤ በጋለ አካል ላይ ቀለም በደንብ ሳይይዝ ይደርቃል።

የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ ጉዳቱ ግን ይበዛል። አቧራ ይሰበስባል፣ ጎሚኒውንም ያሳብጣል።

በተሰነጠቀ ጎሚኒ በኩል ውሃ ወደ በሩ ስለሚገባ፣ ክረምት ሳይገባ በበሮቹ ግርጌ ያሉትን የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች በቀጭን እንጨት ይጥረጓቸው፤ ከተደፈኑ በሩ ከውስጥ ይዝጋል።