ድምፄን ብወክል ቶክኔን አጣለሁ?

ጥያቄ፦ የባንክ ባለአክሲዮን ነኝ፤ ወደ ጠቅላላ ጉባኤ ወንድሜን ወክዬ እልካለሁ። አባላቱ በኢንተርኔት በሚወስኑበት የዲጂታል ገንዘብ መገበያያ ዩኒስዋፕም ጥቂት ቶክን (የድምፅ መብት የሚሰጥ ዲጂታል ንብረት) አለኝ። እዚያ ድምፄን ለሌላ ሰው ብወክል ቶክኑን አጣለሁ?
(ከንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ)

መልስ፦ አያጡም። የንግድ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) ባለአክሲዮን በተወካይ ድምፅ እንዲሰጥ እንደሚፈቅደው ሁሉ፣ በዩኒስዋፕም የሚተላለፈው የድምፁ ኃይል ብቻ ነው፤ ቶክኑ በእጅዎ ይቆያል። ልዩነቱ ግን አለ። በዩኒስዋፕ ራስዎ ለመምረጥ ቢፈልጉ እንኳ አስቀድመው ድምፁን ለራስዎ መወከል አለብዎት፤ አለበለዚያ አይቆጠርም። ውክልናውን በፈለጉ ጊዜ ይሽራሉ፤ ድምፅ መስጠት ከተጀመረ በኋላ ከሻሩት ግን ለዚያ ውሳኔ አይደርስም። አንድ ሐሳብ ለማለፍ ቢያንስ 40 ሚሊዮን የድጋፍ ድምፅ ስለሚያስፈልገው፣ ብዙኃኑ አባላት ዝም ሲሉ ጉዳዩ በጥቂት ትልልቅ ተወካዮች እጅ ይወድቃል። ስለዚህ ከመወከልዎ በፊት ሰውየው እስከ ዛሬ ምን እንደደገፈና ምን እንደተቃወመ ይመልከቱ፤ መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ነው።