የጦርነት ፊልሞችና ልጆቻችን፤ የሁለቱ ዑመሮች ትምህርት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ባለፈው የዒደል ፈጥር ማግስት እዚህ ሐዋሳ በገዛ ቤቴ የሆነውን ልንገራችሁ። የአሥራ አራት ዓመት የእህቴ ልጅ በዓሉን ከእኔ ጋር ሊያሳልፍ መጥቶ ነበር። የጎረቤቴ ልጅ በአንድ ዓመት የሚበልጠው ሲሆን ክርስቲያን ነው። ሁለቱ በየበዓሉና በየክረምቱ እየተገናኙ፣ ኳስ አብረው እየተጫወቱ፣ ወደ ሐይቁ አብረው እየወረዱ ያደጉ ጓደኛሞች ናቸው። የዚያን ዕለት ከምሳ በኋላ «ፊልም ክፈትልን» አሉኝ። እኔም በልጅነቴ ከቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቄ ያየሁት «ዑመር ሙኽታር» ትዝ አለኝ። ጥሩ ፊልም ነው፣ ታሪክም ይማሩበታል ብዬ ከፈትኩላቸውና ዘመድ ልዘይር ወጣሁ።

ከዐስር ሶላት በኋላ ስመለስ የጎረቤቴ ልጅ የለም። የእህቴ ልጅ ፊቱ ቀልቶ ብቻውን ተቀምጧል። ነገሩን በስንት ልመና አወጣሁት። ፊልሙ ሲያልቅ የኔው ልጅ ብድግ ብሎ «አየህ፣ ጣልያንን ያንቀጠቀጡት ሙስሊሞች ናቸው» ይላል። ያኛውም «ከጣልያን ጋር ሆነው የኛን ሰው የፈጁትም ሙስሊሞች ናቸው፤ የእናቴ ቅድመ አያት ወንድም ደብረ ሊባኖስ ዲያቆን ነበር» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ስድብ፣ ከዚያም ግፊያ። ሁለት ሳምንት ሳይነጋገሩ ቆዩ።

ጥፋቱ የማን ነው? ብዙ አሰብኩበት። ልጆቹን ከቴሌቪዥን ፊት አስቀምጬ የሄድኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ዛሬ የማነሳው ጥያቄ ከራሴ ስህተት የተወለደ ነው። ፖለቲካ ያዘሉ የጦርነት ፊልሞች ለታዳጊ ልጆች ይስማማሉን? ተመልካችን ለሁለት የሚከፍሉትስ ለምንድን ነው? ዑለሞች በሥዕልና በሙዚቃ ላይ ያላቸውን ልዩነት አውቃለሁ፤ እርሱን ለባለቤቶቹ ትቼ ልጆቻችን በየስልካቸው በየቀኑ እያዩት ስላለው ነገር እናገራለሁ።

ፊልሙ ምን ይዟል?

«የበረሃው አንበሳ» በሚል ስም እ.ኤ.አ በ1981 ለእይታ የበቃው ይህ ፊልም የሶርያ ተወላጁ የሙስጠፋ አል ዐቃድ ሥራ ነው። ጣልያን እ.ኤ.አ በ1911 ሊቢያን ከወረረች ወዲህ የተካሄደውን ተጋድሎ የመጨረሻ ዓመታት ይተርካል። ዑመር ሙኽታር የቁርኣን መምህር ነበሩ። በሰባዎቹ ዕድሜያቸው በፈረስ ላይ ሆነው ሲዋጉ ተማርከው እ.ኤ.አ መስከረም 16 ቀን 1931 በሕዝባቸው ፊት ተሰቀሉ። በዚያ ጊዜ ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ የምሥራቅ ሊቢያ አርብቶ አደር ሴት ሕፃን ሳይባል በሽቦ በታጠረ ካምፕ ታጉሮ ነበር። ይህን ሁሉ ያስፈጸመው ጄኔራል ሮዶልፎ ግራዚያኒ ነው።

በፊልሙ ውስጥ እኔ እስከ ዛሬ የማልረሳው የስቅላቱን ትዕይንት አይደለም። ዑመር ሙኽታር የማረኩትን አንድ ወጣት የጣልያን መኮንን ሳይገድሉ ባንዲራውን አስይዘው ወደ ጦሩ ሲመልሱት የሚያሳየውን ነው። ጠላት ምርኮኛ ይገድላል ብለው እርሳቸው አልገደሉም። የእህቴን ልጅ ስለዚህ ትዕይንት ብጠይቀው አላስታወሰውም። ያስታወሰው ታንኩን፣ ፈንጂውንና ገመዱን ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ብቻውን ሲያይ የሚቀርለት ይኸው ነው።

ተመልካችን ለምን ይከፋፍላል?

አንደኛው ምክንያት ከፊልሙ ጀርባ ያለው እጅ ነው። ለዚህ ፊልም 35 ሚሊዮን ዶላር ያህል ያወጣው የሙዐመር ጋዳፊ መንግሥት ነበር። የጣልያን መንግሥት በበኩሉ «የሠራዊታችንን ክብር ይነካል» በማለት እ.ኤ.አ በ1982 ከለከለው። በጣልያን ቴሌቪዥን የታየው እ.ኤ.አ በ2009 ጋዳፊ ሮምን በጎበኙ ጊዜ ነው። እንግዲህ አንዱ መንግሥት ገንዘብ ያፈሰሰበትን ሌላው ሃያ ሰባት ዓመት ደበቀው። ሁለቱም ፊልሙን እንደ መሣሪያ አይተውታል ማለት ነው። የተሰቃየው ሕዝብ እውነት ግን የጋዳፊ ገንዘብ ስለገባበት ውሸት አይሆንም፤ ጣልያን ስለከለከለውም ሙሉ አይሆንም።

ሁለተኛው ምክንያት ካሜራው የቆመበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ በ2001 የወጣውን «ብላክ ሃውክ ዳውን» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም አስቡ። እ.ኤ.አ በጥቅምት 1993 ሞቃዲሾ ውስጥ የተካሄደውን ውጊያ ያሳያል። የሞቱት 18 አሜሪካውያን ወታደሮች ስም፣ ፊትና ቤተሰብ አላቸው። በመቶዎች የሚቆጠሩት የሞቱት ሶማሌዎች ግን ከየጎዳናው የሚጎርፉ ስም የለሽ ሕዝብ ናቸው። ፊልሙ የተቀረጸው ሞሮኮ ውስጥ ነው፤ አንድም የሶማሌ ተዋናይ የለበትም ተብሎም በጊዜው ተወቅሷል። አንድ አሜሪካዊ ታዳጊ ስለ ወገኖቹ ጀግንነት ሲያለቅስ፣ አንድ የሶማሌ ታዳጊ «የኛስ ሬሳ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም ያዩት አንድ ፊልም ነው።

ሦስተኛውና ትልቁ ምክንያት ግን በተመልካቹ ልብ ውስጥ ያለው ነው። ሰው የጦርነት ፊልም የሚያየው የራሱን ሙታን ይዞ ነው። የኔው ልጅ በመድረሳ የሰማውን የሙጃሂዶች ታሪክ ይዞ ተቀመጠ። የጎረቤቴ ልጅ ከእናቱ የሰማውን የደብረ ሊባኖስ ሐዘን ይዞ ተቀመጠ። ፊልሙ ሁለቱንም አልፈጠረም፤ ቀሰቀሳቸው እንጂ።

ፊልሙ ካቆመበት በኋላ

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ፊልሙ በዑመር ሙኽታር ስቅላት ያበቃል፤ ግራዚያኒ ግን አላበቃም። ከአራት ዓመት በኋላ በደቡብ ግንባር የኢጣልያ ጦር አዛዥ ሆኖ መጣብን። በጥር 1928 ዓ.ም ነጌሌ ቦረናን ያዘ። የሲዳሞው ገዥ ራስ ደስታ ዳምጠው፣ መቀመጫቸው ከኛዋ ሐዋሳ በስተደቡብ ያለችው ይርጋዓለም የነበረችው፣ የተዋጉት ከዚሁ ሰው ጦር ጋር ነው። በየካቲት 1929 ዓ.ም ተይዘው ተረሸኑ። የካቲት 12 ቀን አዲስ አበባ ላይ የፈሰሰው ደምም በዚሁ ሰው አገዛዝ ሥር የፈሰሰ ነው። ይህን ለሁለቱ ልጆች የነገራቸው የለም። ቢነገራቸው ኖሮ የሊቢያው ሽማግሌ ጠላትና የይርጋዓለሙ ራስ ጠላት አንድ ሰው መሆኑን ባወቁ ነበር።

ሌላም ዑመር አለ። ዑመር ሰመትር ይባላል፤ በጣልያን ሶማሊያ በፋሺስቱ ላይ ያመጸ የሶማሌ ሙስሊም ነው። ወደ ኢትዮጵያ ተሻግሮ በ1928 ዓ.ም በኦጋዴን ግንባር ከደጃዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ጋር ቆራሄ ላይ ተዋጋ። አፈወርቅ በዚያው ወደቁ፤ ዑመርም ውጊያውን ቀጠለ። አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ የተሰየመ ትምህርት ቤት አለ። አንዱ ክርስቲያን፣ ሌላው ሙስሊም፣ ከፊታቸው ያለው የግራዚያኒ ጦር።

ይሁን እንጂ ደስ የሚያሰኘንን ብቻ ነግረን ማለፍ ለሙስሊም ጋዜጠኛ አይገባም። የጎረቤቴ ልጅ የተናገረውም እውነት አለበት። ዑመር ሙኽታር ከተሰቀሉ አምስት ዓመት ሳይሞላ በኦጋዴን በኩል የወጋን ከሊቢያ የተመለመለ ክፍለ ጦር ነበረበት። በግንቦት 1929 ዓ.ም በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ሲረሸኑ፣ ተኩሱን የፈጸሙት ጣልያን ከቅኝ ግዛቶቹ የመለመላቸው ሙስሊም ወታደሮች ነበሩ። ግራዚያኒ ራሱ በቴሌግራም ያመነው የመነኮሳት ቁጥር 297 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተደረገ ጥናት እጅግ ከፍ ያደርገዋል። ሊቢያ ውስጥም ለጣልያን የተዋጉ ከኤርትራ የተመለመሉ አስካሪዎች ነበሩ፤ ከነሱም ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ናቸው። ቅኝ ገዥው የአንዱን ልጅ በሌላው ላይ ያዘምት ነበር።

ሙሶሎኒ ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ በኋላ አንድ ወር ያህል ቆይቶ ትሪፖሊ ላይ «የእስልምና ሰይፍ» የተባለ ጎራዴ ተቀብሎ የሙስሊሞች ጠባቂ ነኝ አለ። በአገራችንም መስጊድ በማሠራትና ሙስሊሙን በማባበል ከክርስቲያን ወንድሙ ሊለየው ሞክሯል። ቀድሞ በነበረው ሥርዓት የተገፋው ሙስሊም በዚህ መባበሉ የሚገርም አይደለም። ነገር ግን ያ ጎራዴ የእስልምና አልነበረም። የመጀመሪያው ኸሊፋ አቡበክር (ረ.ዐ) ጦር ሲያዘምቱ ሴትን፣ ሕፃንን፣ ሽማግሌን እንዳይነኩ፣ በገዳማቸው ለአምልኮ የተለዩ ሰዎችንም እንዲተዋቸው አዘዋል። ስለዚህ በደብረ ሊባኖስ የተደረገውን የሚኮንነው ከሁሉ አስቀድሞ የራሳችን ዲን ነው። ልጄ ይህን ካላወቀ ወይ ይክዳል፣ ወይ ያፍራል። ሲያውቅ ግን ራሱን ቀና አድርጎ «በደል ነው» ማለት ይችላል። በሱረቱል ማኢዳ አላህ (ሱ.ወ) ለሕዝቦች ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን አስጠንቅቆናል። በሱረቱል ሑጁራትም የመጣልንን ወሬ እንድናጣራ አዞናል። የጦርነት ፊልምም ወሬ ነው፤ ሙዚቃና ፈረስ የተጨመረበት ወሬ።

ታዲያ ይስማማልን?

አንዳንድ ወላጆች «ጨርሶ ይከልከል» ይላሉ። ሥጋታቸው ይገባኛል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም በነበረው የሰሜኑ ጦርነት ልጆቻችን የእውነት ሬሳ በስልክ እየተቀባበሉ ሲያዩ ነበር። ነገር ግን ከቤት የከለከልነውን ከቴሌግራም በተቆራረጠ ቁራጭ ያገኙታል፤ ቁራጩ ደግሞ ስቅላቱን ይዞ ምሕረቱን ይጥላል። ሌሎች «ታሪክ ነው፣ ይዩት» ብለው ይተዋሉ። እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ውጤቱንም ነገርኳችሁ። የኔ አቋም በሁኔታ ይፈቀድ የሚል ነው። ሁኔታዎቹም እነዚህ ናቸው፦

1. ዕድሜ። ሞትን ከጨዋታ ለይቶ የማያውቅ ሕፃን ስቅላትና ጭፍጨፋ አይታይበት። ከአሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ታሪኩን በአፍ መንገር ይሻላል።

2. ታሪኩ ይቅደም። ፊልሙ ከመከፈቱ በፊት ማን ከማን ጋር፣ መቼ፣ ለምን እንደተዋጋ በአሥር ደቂቃም ቢሆን ይነገረው።

3. አብሮ መቀመጥ። እረኛ ከመንጋው ይጠየቃል ብለው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ቴሌቪዥን ከፍቶ መውጣት እረኝነት አይደለም።

4. ሦስት ጥያቄ። ፊልሙን ማን በማን ገንዘብ ሠራው? ስም የተነፈገው ማን ነው? ፊልሙ የተወው የትኛውን ነው? ታዳጊው መልሱን ራሱ ፈልጎ ያምጣ።

5. የሌላው ሐዘን። ከሌላ ቤት የመጣ ልጅ አብሮ ካየ፣ በእርሱ ቤት ይህ ታሪክ እንዴት እንደሚነገር ይጠየቅ፤ ሳይቋረጥም ይደመጥ።

ወደ ሁለቱ ልጆች ልመለስ። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ጎረቤቴ ቤት ሄድኩ። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ልጆቹን ትቼ መውጣት አልነበረብኝም» አልኳቸው። እርሳቸውም ቡና አስፈሉ። ልጆቹን ጠርተን ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ስለ ሁለቱ ዑመሮች፣ ስለ ራስ ደስታ፣ ስለ መነኮሳቱም። ጋሼ ስለ ዲያቆኑ ከቤተሰብ የሰሙትን ተናገሩ። ዝም ብለን አዳመጥን።

የእህቴ ልጅ ቆይቶ «አጎቴ፣ እነዚያ መነኮሳቱን የገደሉት ሙስሊሞች የኛ ናቸው?» ሲል ጠየቀኝ። «ስማቸው የኛ ነው፤ ሥራቸውን ግን አቡበክር ከለከሉት፣ ዑመር ሙኽታርም አላደረጉትም» አልኩት። በቅቶት እንደሆነ አላውቅም። ሲወጡ ግን ኳሷን የያዘው የጎረቤቴ ልጅ ነበር፤ የኔው ከኋላው ሮጠ።

ውድ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ዛሬ ማታ የሚያዩትን ፊልም ታውቁታላችሁ? ካላወቃችሁ፣ ዛሬውኑ አጠገባቸው ተቀመጡ። አላህ ፍትሕን የሚወዱ ልጆች ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።