የተኛው ላፕቶፕ ባትሪውን ለምን ይጨርሳል?

በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ መብራት በጠፋበት ሌሊት ተከድኖ ያደረ የሊኑክስ ላፕቶፕ ጠዋት ባትሪው አልቆ ቢገኝ፣ በዲስክ ላይ ያልተቀመጠው የመመረቂያ ጽሑፍም አብሮ ይጠፋል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ላፕቶፑ ሲተኛ ሥራው በራም ውስጥ ይቆያል፤ የራም ጥቃቅን ካፓሲተሮች ደግሞ የኤሌክትሪክ ሙላቸው በየጊዜው ካልታደሰ መረጃውን ያጣሉ። ስለዚህ እንቅልፍም ኃይል ይፈጃል።

መጠኑን ለክታችሁ ድረሱበት። 50 ዋት ሰዓት የያዘ ባትሪ በ10 ሰዓት እንቅልፍ 5 ዋት ሰዓት ቢያጣ ፍጆታው ግማሽ ዋት ነው። ሙሉው ካለቀ ግን ቢያንስ 5 ዋት ነው፤ ማሽኑ በውል አልተኛም። ማሽኑ የሚፈቅድ ከሆነ በሊኑክስ ከርነል «ዲፕ» የተባለውን ጥልቅ እንቅልፍ ምረጡ።

ለረጅም ሌሊት አስተማማኙ ሃይበርኔት ነው፦ የራሙን ይዘት በዲስኩ የስዋፕ ክፍል ጽፎ ማሽኑን ያጠፋል። ስዋፑ ግን ይዘቱን የሚችል ስፋት ሊኖረው ይገባል።