ከጦር መኮንንነት ወደ ድውያን አገልጋይነት

የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 10 የመቶ አለቃውን የቆርኔሌዎስን ታሪክ ይነግረናል። ይህ ሰው ወታደር ሳለ ጸሎቱና ምጽዋቱ በእግዚአብሔር ፊት ታሰበለት። መጥምቁ ዮሐንስም ጭፍሮች ምን እናድርግ ብለው በጠየቁት ጊዜ፣ ግፍ እንዳይሠሩና በደመወዛቸው እንዲረኩ አስተማራቸው እንጂ ወታደርነታችሁን ተዉ አላላቸውም። ከዚህም እግዚአብሔር የሚመረምረው የሰውን ማዕርግ ሳይሆን፣ ሰው የተሰጠውን ኀይል በምን ላይ እንደሚያውለው መሆኑን እንረዳለን።

ለዚህ ትምህርት ምሳሌ የሚሆነን ሊዮናርድ ቼሻየር በ1917 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ተወለደ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን)። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአየር ኀይል መኮንን ሆኖ መቶ ጊዜ ያህል ለውጊያ ስለ በረረ፣ በ1944 ዓ.ም. ቪክቶሪያ ክሮስ የተባለውን ታላቅ የጀግንነት ኒሻን ተሸለመ። በ1945 ዓ.ም. በናጋሳኪ ላይ የአቶሚክ ቦምብ ሲጣል በአውሮፕላን ሆኖ ከተመለከቱት አንዱ ነበር። በሚከተለው ዓመት ከሠራዊቱ ተሰናበተ።

በመጀመሪያ ከጦርነት የተመለሱ ሰዎች በአንድነት እየሠሩ የሚኖሩበትን ማኅበር አቋቋመ፤ ነገር ግን ማኅበሩ በዕዳ ተይዞ ተበተነ። በ1948 ዓ.ም. ከዚያ ማኅበር የነበረ አንድ ሰው በማይድን ደዌ ተይዞ መጠጊያ አጣ። ቼሻየርም ሌላ ማረፊያ ፈልጎ ባያገኝለት፣ ሐምፕሽር በተባለው አውራጃ ወዳለው ቤቱ ወስዶ እስኪሞት ድረስ በገዛ እጁ አስታመመው። ሌሎች ድውያንም ተከትለው መጡ፤ ቤቱም የብዙዎች መጠጊያ ሆነ።

በ1952 ዓ.ም. እርሱ ራሱ በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ሁለት ዓመት ያህል ሲተኛ ሥራው አልቆመም፤ እንዲያውም ቤቶቹ እየበዙ ሄዱ። በአገራችንም በ1962 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለችው በመናገሻ፣ በልጅነት ልምሻ ለተጐዱ ሕፃናት በስሙ የሚጠራ ቤት ተቋቋመ። በ1992 ዓ.ም. ሲያርፍ፣ ሲያገለግላቸው እንደ ኖሩት ብዙ ድውያን አካሉ ሰልሎ ነበር።

ምናልባት ይህ ሰው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ሲሆን ስለ ምን ምሳሌ ይሆነናል የሚል አይጠፋም። ጌታችን ግን ባልንጀራ ማን እንደ ሆነ ሲያስተምር ካህኑንና ሌዋዊውን አልፎ ሳምራዊውን እንደ ጠቀሰ እናስታውስ። በጎ ሥራን አይቶ መቅናት ሃይማኖትን መለወጥ አይደለም።

እንግዲህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ በሰው ዕቅድ የተነሣው ታላቅ ማኅበር ሲፈርስ፣ ከአንድ ድውይ አልጋ የተነሣው ሥራ ጸንቶ መኖሩን ነው። ሁለተኛው፣ መሪው ሲወድቅ የማይወድቅ ሥራ የመሪው ብቻ አለመሆኑን ነው።

በየአጥቢያችን ከአልጋ ተጣብቀው ቅዳሴ የናፈቃቸው፣ የሚጠይቃቸው ያጡ ወገኖች አሉ። በዚያው አጥቢያ በጡረታ ያሉ መኮንኖችና ሹማምንት አሉ፤ ስም መመዝገብን፣ ተራ ማውጣትን፣ በሰዓቱ መድረስን በሥራ ዘመናቸው ተምረዋል። ካህናት እነዚህን ሁለቱን ቢያገናኙ፣ የሰንበቴው ማኅበርም ከዝክሩ ለበሽተኛው ቢያካፍል፣ ታላቅ ሕንፃና ብዙ ገንዘብ እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም። ጌታችን በፍርድ ቀን የሚጠይቀን ስለ ሠራነው አዳራሽ ሳይሆን፣ ታሞ ስላልጠየቅነው ወንድም ነውና። ይህን ለመፈጸም አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።